የቀሐው ቤት ግድግዳ

ጎንደር፣ ታኅሣሥ ፫ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ለልጄ ለወለተሩፋኤል፣ አሥመራ

ልጄ ሆይ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ባልሽ ይባረክስ ደኅና ነው? ሕፃኗ ጥርስ አበቀለች ወይ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ የይባረክ ባልንጀራ፣ ካሚዮን ነጂው ነው። በየኬላው ስለሚፈተሽ የምጽፍልሽ ስለ ቤቱ ብቻ ነው፤ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

በላክሽው ገንዘብ ቀሐ ያለውን የሐጂ ሷሊሕን ቤት ገዝቼ እንዳከራየው፣ ኪራዩም እኔን እንዲጦረኝ፣ የጓሮዋን ክፍል ግን ወንድምሽ አድማሴ ከአምባ ጊዮርጊስ ሲመለስ እንዲገባባት ጽፈሽ ነበር። ሸጋ አሳብ ነው። ዋጋውም ርካሽ ነው። ነገር ግን ቤት የሚገዛ ሰው ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ አንዴ ለባለቤቱ፣ አንዴ ለአናጢውና ለግንበኛው። ሁለተኛውን ሳላውቅ የመጀመሪያውን አልከፍልም ብዬ ላየው ሄድኩ።

ሐጂ ሷሊሕ ጨርቅ መሸጫቸውን ዘግተው ራሳቸው ከፈቱልኝ። ምሰሶውን አንኳኳሁት፤ ደኅና ጽድ ነው። ሁለቱን ወራጆች ምስጥ በልቷቸዋል፤ ቢላዬ እስከ እጀታው ገባ። የክዳኑ ሣር በስብሷል። ቆርቆሮ ላልብሰው ብል፣ ያለውን ሁሉ ወታደሩ ለሰፈሩ ወስዶታል። ሣር ላስመጣ ብል፣ የወገራ መንገድ ተዘግቷል።

«የኔታ፣» አሉኝ ሐጂ እየሳቁ፣ «ቤቱን እንደ ተማሪ ያስነብቡት ጀመር እንዴ? እንጨቱን ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቁት እኮ!»

«ያልመለሰልኝ እንጨት አለ፣ ሐጂ» አልኳቸው።

በልቤ ሳሰላው የሦስት ዓመት ኪራይ ለጥገናው ይሄዳል። እንዲያም ሆኖ፣ ስለ ጓሮዋ ክፍል ስል ልገዛው ነበር። ኋላ በወንዙ በኩል ያለውን ግድግዳ ዞሬ አየሁት። አዲስ ተለስኗል፤ ጭቃው ገና አልደረቀም። ክዳኑ እያፈሰሰ ግድግዳ የሚያስለስን ሰው አይቼ አላውቅም።

«ይህን ምነው አስቀደሙት?»

ሳቃቸው ጠፋ። «የኔታ፣ ይህን ቤት ለሌላ ሰው እሸጠዋለሁ። ለእርስዎ ግን አልሸጥም።»

«ምነው? በዋጋው ተስማምተን የለም ወይ?»

«ክዳኑ ይጠገናል። ይህ ግድግዳ ግን ለእርስዎ አይጠገንም። ወላሂ፣ እኔ እቤት ውስጥ ነበርኩ፤ በሩ ከውጭ ተዘግቶብኝ ነበር።»

ልስኑን በጥፍሬ ፋቅሁት። ከሥሩ ቀዳዳ አለ፤ ጣቴን አስገባሁት። ከደረቴ ትክክል ነው። ከጎኑ ሌላ አለ። ከዚያ ወዲያ አልፋቅሁም። ሐጂ የወደቀውን ጋቢዬን አንሥተው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝና በጆሮዬ አንድ ስም ነገሩኝ። ከዚያ እስከ ቤቴ ደጃፍ ድረስ ክንዴን ይዘው ሸኙኝ።

ስለዚህ ቤቱን አልገዛሁትም። ገንዘብሽ እንዳለ ነው። ከእንግዲህ የጓሮ ክፍል ያለው ቤት ፈልግልኝ አትበይኝ።

ትዝ ይልሽ እንደሆነ፣ ዳዊት ሳስነብብሽ፣ ድምፅ ከፍ የሚልበት ንባብ ተነሽ፣ ዝቅ የሚልበት ደግሞ ወዳቂ እንደሚባል ነግሬሽ ነበር። አንቺ የወንድምሽን ስም ሁልጊዜ በተነሽ ትጠሪው ነበር። «እንደ ቅዳሴ፣ እንደ ውዳሴ ወዳቂ ነው» ብዬ ስቆጣሽ፣ «የኔታ፣ የእኔ ወንድም ይነሣል እንጂ አይወድቅም» አልሽኝ። ሳቄ መጣና ሳላርምሽ ቀረሁ።

ስምሽን የሰጠሽ መልአክ ቤትሽን ይጠብቅልኝ። ይባረክን ከመንገድ ክፉ ይሰውርልኝ። ሕፃኗን አሳድጎ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልኝ፤ እኔ ባላይ አንቺ እይልኝ።

ደንቡን ግን ከዛሬ ጀምሮ ጠብቂልኝ። የአድማሴን ስም በወዳቂ አንብቢው፤ ድምፅሽ ከቤት እንዳይወጣ።

አባትሽ
መምህር አለነ