ስጸልይ የምዘላት ቃል

ከእናትሽ ከእንኳየሁ ለልጄ ለአመተ ሥላሴ፣ ቤሩት ይድረስ።

እንደምን ከረምሽልኝ ልጄ? የቁስቋሟ እመቤት በሰው አገር ጥላ ትሁንሽ። እኔ ናፍቆትሽ ካልሆነ ደህና ነኝ። ላሚቱ ወልዳለች። የእንፍራንዟ አክስትሽ ሸጋ ማር ልካልን ያንቺን ድርሻ አስቀምጬልሻለሁ። ለሕክምና ትምህርትሽ ሐኪም ቤት ስታድሪ ጋቢሽን ደርቢ።

አባትሽ «ትምህርቷን ታቋርጣለችና አትጻፊላት» ብለውኝ ነበር፤ አልቻልሁም። ከጥቅምት ጀምሮ ተኝተዋል። ዘንድሮ ለጥምቀት ታቦቱ ወደ ቀሐ ሲወርድ፣ ያ ሁሉ ሰው የሚከተለው ድምፃቸው ጠፍቶ፣ አልጋቸው ላይ ሆነው መሬቱን በመቋሚያቸው እየመቱ ዜማውን ተከተሉ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ።

ከዚያ ወዲህ አባታችን ሆይ ስል «ፈቃድህ ይሁን» የምትለዋን ዘልዬ አልፍ ነበር። ካልኋት ውሰዳቸው ያልሁ መሰለኝ። ለነፍስ አባታችን ብነግራቸው፣ «ምነው ልጄ፣ እግዜርን ልታታልዪው ነው? ጌታም እኮ አስቀድሞ ጽዋዪቱ ትለፍልኝ ብሎ ለምኗል። መጀመሪያ የልብሽን ንገሪው» አሉኝ።

ዛሬ ጠዋት ነገርሁት። «ልጃቸውን ሳያዩ አትውሰድብኝ፤ ከወሰድህብኝ አዝንብሃለሁ» አልሁት። ከዚያ ቃሏን እያለቀስሁ አልኋት።

ያሳደገሽ አምላክ በደህና ያገናኘን። ትምህርትሽን ጥለሽ ነይ አልልሽም። ብቻ ለአባትሽ ጻፊላቸው፣ አነብላቸዋለሁ። አትጻፊላት ያሉኝ እሳቸው፣ በር በተንኳኳ ቁጥር መቋሚያቸውን ያዝ አድርገው ያዳምጣሉ።