የጋሼ ቆሽት

ጥቅምት 4
ከስምንተኛ ክፍሎች ጋር የምግብ መፈጨትን ጀመርን። ሁሉም ቁራሽ ዳቦ ሳይውጡ እንዲያኝኩ አደረግኩ። ጣፈጠን አሉ። ምራቅ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ስታርቹን ወደ ስኳር ሲቆራርጠው ነው አልኳቸው። በየዓመቱ ይደንቃቸዋል። እኔንም።
ቤት ስገባ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ሁለተኛ ሳህኑን ይዟል። ደህና ይበላል... ታዲያ አንገቱ ለምን ቀጠነ?

ጥቅምት 12
ላጥብ ብዬ የጋሼን ሱሪዎች ሰበሰብኩ። የሁሉም ወገብ ጠቧል። በራሱ ስፌት፣ በዚያ ጥንቅቅ ባለ እጁ። አንዱማ ሦስት ጊዜ። ለካ ልብስ ሰፊ ሲከሳ እንዲህ ነው የሚደብቀው። ስጠይቀው ፋሽን ነው አለኝ። ከስንት ወር ጀምሮ? ሱሪውን ከእጄ ወስዶ አጠፈው።
እናታችን ከሞተች ወዲህ በዚያው መርፌ ያሳደገኝ ሰው...

ጥቅምት 15
ሽንት ቤት፣ ውሃው ላይ ቅባት ተንሳፎ አየሁ። ገባኝ። ስብ ሳይፈጭ ሲወጣ እንዲያ ነው። ቆሽት ኢንዛይሙን ወደ ትንሹ አንጀት ካልላከ ሰው በልቶም ይራባል። ሃያ ዓመት ሰሌዳ ላይ ስዬዋለሁ። እሱን ግን "ምግብ ጠብ የማይልልህ ስለማታኝክ ነው" እያልኩ ስቆጣው ከረምኩ።

ጥቅምት 28
የምርመራው ውጤት ደረሰ፤ ሐኪሟ ሁለታችንንም አስቀመጠችን። ቆሽቱ ላይ ዕጢ አለ። ተሰራጭቷል፤ ቀዶ ጥገና አይሆንም። መተላለፊያውን ስለዘጋው ኢንዛይሙ አያልፍም። ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር የሚዋጥ የኢንዛይም እንክብል አዘዘችለት።
ጋሼ "ቆሽቴን ሲያሳርሩት የኖሩ ደንበኞች ይጠየቁልኝ" አላት።
ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔ አልሳቅኩም።

ኅዳር 17
እንክብሉ ሠራ። ቅባቱ ጠፋ፤ ሁለት ኪሎ ጨመረ። ውስጡ ስላሉት ኢንዛይሞች አስረዳሁት፦ አንዱ ስብ፣ አንዱ ፕሮቲን፣ አንዱ ስታርች ይቆርጣል።
እንደኛው ሥራ ነዋ አለ፤ ለየጨርቁ የየራሱ መቀስ።
ደስ አለኝ። ደስ ማለቱንም ፈራሁት። ዕጢው እኮ እዚያው ነው...

ታኅሣሥ 20
ምግብ አልዋጥ አለው። እንክብሉም። ሾርባ በማንኪያ ሞከርኩ፤ ለኔ ስትል ብዬ ለመንኩት። አፉን ገጠመ። ኩሽና ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ፣ እንዳይሰማኝ።

ታኅሣሥ 24
ዛሬም ሾርባ ይዤ ገባሁ። እጄን ያዘኝ።
"ብላ አትበይኝ፤ ደከመኝ። አንቺስ ከበላሽ ስንት ቀንሽ ነው? እዚህ ቁጭ ብለሽ ብዪ፤ ልይሽ።"
አልጋው ጫፍ ተቀመጥኩ። እንዴት ነው ብሎ ጠየቀኝ። ጨው በዝቶበታል አልኩት። መብላቴን ቀጠልኩ። እስከ መጨረሻው ማንኪያ ዓይኑን ከኔ ላይ አላነሳም። ባዶውን ሳህን ሳሳየው "ጎበዝ" አለኝ፤ ልጅ ሳለሁ እንደሚለኝ። ከዚያ እንቅልፍ ወሰደው።
ከእንግዲህ ብላ አልለውም።