ለጊዜው ተብሎ የቀረው፦ የወ/ሮ ኦዴት ቴሪዮ ኬሌጂያን የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ ኦዴት ቴሪዮ ኬሌጂያን ከአባታቸው ከአቶ ዜፊራን ቴሪዮ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ኤርሚን ላቮአ እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1936 በአሜሪካ በሜይን ግዛት፣ በቢዲፎርድ ከተማ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጀርባ ባለው ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው የፋብሪካው ሸማኔ ነበሩ። እናታቸው ደግሞ ፊልም ድምፅ ባልነበረው ዘመን በከተማው ሲኒማ ቤት ከሸራው ሥር ተቀምጠው ፒያኖ ይመቱ ነበር። ፈረስ ሲጋልብ የሚመታ፣ እናት ልጇን ስትቀብር የሚመታ፣ ሌባ በመስኮት ሲገባ የሚመታ ለየብቻው ነበራቸው፤ ሁሉም ከቀደሙት የአውሮፓ ሊቃውንት ሥራ የተቆነጠረ ነው። ፊልም አፍ ሲያወጣ የእናትየው የእንጀራ ገመድ ተበጠሰ። ዜማው ግን ከቤት አልወጣም።

ወ/ሮ ኦዴት ያደጉት እናታቸው ልብስ ሲተኩሱ የሚያንጎራጉሩትን እየሰሙ፣ ያላዩትን ፊልም በዐይነ ሕሊናቸው እየሳሉ ነው። ታናሽ ወንድማቸው፣ ማለትም አባቴ፣ እንደሚያጫውተን እኅቱ በልጅነታቸው መስኮት ሥር ቁጭ ብለው ወደ ወንዙ የሚወርደውን ጭጋግ እያዩ፣ “ለዚህስ ቫዮሊን ይበዛበታል” ይሉ ነበር። ቤተሰቡ ልጅቷ ትንሽ ፈዘዝ ትላለች ብሎ ይሰጋ እንደነበር መደበቅ አያስፈልግም።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በመነኮሳት ትምህርት ቤት አጠናቀው፣ ቦስተን በሚገኝ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖ ተማሩ። መምህራቸው በምረቃው ዕለት፣ “ጣትሽ ምንም አይወጣለትም። ችግሩ ስትመቺ ሁልጊዜ የሆነ ነገር እያየሽ ነው” አሏቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር፤ እሳቸው ግን ምርቃት አድርገው ወሰዱት፤ በ1958 ሻንጣቸውን አንጠልጥለው በአውቶቡስ ካሊፎርኒያ ገቡ። ቡርባንክ በሚገኝ አንድ የፊልም ድርጅት የሙዚቃ ክፍል መጀመሪያ የፊልም ጥቅል ተሸካሚ፣ በኋላም የሙዚቃ ኤዲተር ሆነው እስከ ጡረታ ሠሩ።

ሥራቸውን ቤተሰቡ ለዓመታት ሳይገባው ኖሯልና እዚህ ላይ ልንገራችሁ። ፊልም ተቀርጾ ሙዚቃው ገና ሳይጻፍለት ለባለሀብቶቹ መታየት አለበት። ባዶውን ካዩት ይደነግጣሉ። ስለዚህ የሙዚቃ ኤዲተሯ ከቆየ ሸክላ መርጣ ጊዜያዊ ሙዚቃ ትለጥፍበታለች። አቀናባሪው የራሱን ጽፎ ሲያመጣ ጊዜያዊው ይነሣል። አንዳንዴ ግን አልነሣም ይላል። ዳይሬክተሩ ደጋግሞ ሲሰማው ይለምደዋል፣ ሲለምደው ይወደዋል። በሙያው ሰዎች ዘንድ ይህ በሽታ “ጊዜያዊ ፍቅር” ይባላል፤ ጊዜያዊ የተባለው ሙዚቃው ነው እንጂ ፍቅሩስ ሙጭጭ ያለ ነው። ወ/ሮ ኦዴት አዲስ ገቢዎችን ሲያስተምሩ፣ “ለጊዜው የምታስቀምጡት ነገር ትንሽ ያነክስ። ቀጥ ብሎ የሚሄድ ካስቀመጣችሁ ባለቤቱ ሲመጣ ወንበር ያጣል” ይሉ ነበር።

ከባለቤታቸው ከአቶ ቫርታን ኬሌጂያን ጋር የተዋወቁት በጠብ ነው። አቶ ቫርታን በካሊፎርኒያ የፍሬዝኖ ዘቢብ አምራች አርመኖች ልጅና አቀናባሪ ሲሆኑ፣ አንድ ቀን የኤዲቲንግ ክፍሉን በር ሳያንኳኩ ከፍተው፣ “የሙዚቃዬን ጅራት የቆረጠችው ማን ናት?” አሉ።

“እኔ ነኝ። ተዋናዩ በሩን ቶሎ ዘጋው፤ ከፈለግህ ከሱ ጋር ተጣላ” አሏቸው ወ/ሮ ኦዴት ቀና ሳይሉ።

በ1964 በፍሬዝኖ በአርመን ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጸሙ፤ በ1967 አንዲት ልጃቸውን ሲራንን ወለዱ።

በ1973 አቶ ቫርታን በሕይወታቸው ትልቁን ሥራ አገኙ። የፊልሙ ሙዚቃ ኤዲተርም ባለቤታቸው ነበሩ። በፊልሙ ውስጥ ባልና ሚስት በበረዶ ተይዘው መኪና ውስጥ የሚቀመጡበት ረጅም ቦታ አለ። አይነጋገሩም። የመስታወቱ መጥረጊያ ይሄዳል፣ ይመጣል፤ በረዶው ይወርዳል፤ ሴትዮዋ ጓንቷን አውልቃ መልሳ ታጠልቃለች። ባለሀብቶቹ ይህ ቦታ ተቆርጦ ይውጣ ይሉ ነበር። አቶ ቫርታን ደግሞ ፊልሙን የተቀበሉት ለዚያ ቦታ ሲሉ ነው። ወ/ሮ ኦዴት ባለቤታቸው የሚጽፉበት ቦታ እንዳይጠፋ ፈሩ። ፈርተውም ለሌላው የሚከለክሉትን አደረጉ፤ የማያነክሰውን መረጡ። ከመቶ ዓመት በፊት በወጣትነቱ የተቀጨ አንድ ሰው ለሁለት ቼሎ፣ ለዚያ ድምፀ ወፍራም ትልቅ ቫዮሊን፣ የጻፈውን፣ ሰው በእንቅልፍ ልቡ ከሩቅ እንደሚሰማው ጥሪ ያለ፣ ዝግ ያለ ሙዚቃ። መጥረጊያው ሲሄድ አንዱ ቼሎ ይተነፍሳል፣ ሲመለስ ሌላው። በረዶው ራሱ የሚጫወት እስኪመስል ድረስ አስማሙት።

ባለሀብቶቹ አለቀሱ። ያ ቦታ ተረፈ። አቶ ቫርታንም ክረምቱን ሙሉ ጻፉ፤ ኦርኬስትራው ተሰብስቦ ቀረጸው። ዳይሬክተሩ ኮርዊን ስሌድ አዲሱን ሙዚቃ እስከ መጨረሻው አዳምጦ፣ “ግሩም ነው ቫርታን፣ እጅህ ይባረክ። ግን በረዶው ላይ... ያኛው ይቆይ” አለ። በረዶው ላይ ያኛው ከቆየ በኋላ የቀረውም አልስማማ አለና የአቶ ቫርታን ሥራ እንዳለ ወደ መደርደሪያ ተመለሰ።

ፊልሙ ስም አወጣ። ያ የቼሎ ሙዚቃ በሰርግ ተመታ፣ የመኪና ማስታወቂያ ሆነ፤ ሰው ሁሉ “የበረዶው ፊልም ሙዚቃ” እያለ ሲያንጎራጉረው ሟቹ ሰውዬ በመቃብሩ ተገርሞ ይሆናል። አቶ ቫርታን የጥርስ ሐኪም ዘንድ ተራ ሲጠብቁ እዚያም ተከተላቸው፤ ከነሕመማቸው ተነሥተው ወጡ። በቤት ውስጥ ጭቅጭቅ አልነበረም። ጭቅጭቅ ቢኖር ይሻል ነበር። በዚያው ሰሞን አቶ ቫርታን ልብሳቸውን ይዘው ፍሬዝኖ ወንድማቸው እርሻ ገቡ፤ ዓመትም አለፈ። የቢዲፎርድ ዘመዶቻችን ትዳሩ አበቃለት ብለው አዘኑ።

በ1975 ወይኑ በሚሰጣበት ወር ወ/ሮ ኦዴት ሲራንን ይዘው ወደ ፍሬዝኖ ወረዱ። ይቅርታ ለመጠየቅ ሄደው ሳይጠይቁ፣ ከሠራተኞቹ ጋር ተንበርክከው ወይን በወረቀት ላይ ማስጣት ጀመሩ። አየሩ ስኳር ስኳር ይሸታል፤ አቧራው በፀሐይ ወርቅ ይመስላል። ከዚህ በኋላ ያለውን ሲራን አጠገባቸው ሆና ሰምታለች።

“አንካሳ መምረጥ አቅቶሽ ነው?” አሉ አቶ ቫርታን ከረድፉ ማዶ።

“ቦታው እንዳይቆረጥብህ ብዬ ነው።”

“ቦታው ተረፈልኛ!”

“አንተ ቀረህብኝ እንጂ።”

አቶ ቫርታን አንድ ዘለላ ወይን ወረቀቱ ላይ አሰጡ። ከዚያ፣ “ልንገርሽ? ስጽፍም እሱ ነበር ጆሮዬ ላይ የሚጮኸው። ከሟች ጋር ትግል ገጥሜ ተዘረርኩ። ስሌድ ባይጥለው እኔ እጥለው ነበር” አሉ። ወ/ሮ ኦዴት ወይኑ ላይ እንዳቀረቀሩ አለቀሱ፤ አቶ ቫርታንም እሳቸውን አይተው አለቀሱ። ዘቢቡ ከተሰበሰበ በኋላ አብረው ወደ ቡርባንክ ተመለሱ። በር ላይ ሲደርሱ ግን ኩራት አይለቅምና፣ አቶ ቫርታን፣ “የመጣሁት ለጊዜው ነው” አሉ። ወ/ሮ ኦዴትም፣ “ለጊዜው ግባ” አሏቸው። ከዚያ ወዲህ አልወጡም።

አቶ ቫርታን ዳግመኛ ለፊልም አልጻፉም፤ ልጆች አስተማሩ። ወ/ሮ ኦዴት በ1998 በጡረታ እስኪገለሉ ድረስ በየፊልሙ ላይ የጥንቱን ሙዚቃ ሲያስቀምጡ ኖሩ፤ በየአገሩ ስንት ሰው ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ እሳቸው በመረጡት ዜማ እንዳለቀሰ እግዚአብሔር ይወቀው። ስማቸው በፊልም መጨረሻ ሲያልፍ ሰዉ ካፖርቱን እየለበሰ ስለሚሆን ብዙ አይታወቁም። በዚህ እኛ ነን የምንቆጨው፤ እሳቸው አልተቆጩም።

ባለፈው ዓመት የልብ ድካም ያዛቸው። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ቤት ይሁኑ ካሏቸው በኋላ በአልጋቸው ሆነው ባለቤታቸውን አንድ ነገር ለመኑ፤ ለቀብራቸው ሙዚቃ እንዲጽፉላቸው። አቶ ቫርታን በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ብዕር አነሡ፤ ግን አላለቀም። እየጻፉ ይቆማሉ፣ ይሰርዛሉ።

“ምን ነካህ? ድሮ እንዲህ አትንቀረፈፍም ነበር” አሏቸው።

“ከጨረስኩት ትሄጃለሽ።”

ወ/ሮ ኦዴት ሣቁ። “እንግዲያው ለጊዜው የሌላ ሰው አስቀምጥበት።”

“ላንቺ ጊዜያዊ የለኝም” አሉ አቶ ቫርታን።

ወ/ሮ ኦዴት እ.ኤ.አ. የካቲት 13 ቀን 2022፣ በተወለዱ በ86 ዓመታቸው፣ እጃቸው በባለቤታቸው እጅ ውስጥ እንዳለ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን አቶ ቫርታንን፣ ልጃቸውን ሲራንን፣ የልጅ ልጃቸውን ዳንኤልንና ወንድማቸውን ኤሚልን ትተው ሄደዋል። ይህን የጻፍኩት የኤሚል ልጅ ሴሊን ቴሪዮ ነኝ።

አሁን አስከሬኑ ከመነሣቱ በፊት የአቶ ቫርታን ሙዚቃ በቼሎ ይሰማል። መጨረሻ የለውም። ሙዚቀኛዋ ብዕሩ የቆመበት ቦታ ስትደርስ እጇን ታነሣለች። ተሳስታ አይደለም፤ እባካችሁ አታጨብጭቡ፣ አትነሡ። አቶ ቫርታን ባልተጻፈው ምትክ ምንም እንዳይገባ ጠይቀዋል። እሳቸው እስኪነሡ ድረስ አብረናቸው እንቀመጥ።

እግዚአብሔር የአክስቴን ነፍስ በደጉ ስፍራ ይቀበልልን፤ እኛንም ዝምታውን ያስችለን።