ከገጽ ሠላሳ አንድ ጀምሮ

ውድ ሰሎሜ፣

እንደምን አለሽ ብዬ ልጀምር ብል እጄ እንቢ አለኝ። ወሬውን ብቻ ልንገርሽ። ልጃችን ማርያማዊት የዩኒቨርሲቲውን የጋራ ትምህርት ጨርሳ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ክፍል ደረሳት፤ አንቺ በርቀት ትምህርት የጀመርሽው ማለት ነው። ስትነግረኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩና መረቤን መጠገን ቀጠልኩ። ደስታውም አልተሰማኝም። ካረፍሽ ጀምሮ ሁለት ዓመት እንዲሁ ነኝ። አስቀድሳለሁ፣ ዳዊቴን እደግማለሁ፣ ሰው ሲያጽናናኝ አሜን እላለሁ፤ በቃ።

ለእረፍት መጥታ ሞጁሎችሽን ጠየቀችኝ። ከሳጥኑ አወጣሁላት፤ አራቱም በጋዜጣ እንደሸፈንሻቸው ናቸው።

«መምህሩ ሲናገር እጄ አይደርስበትም» አለችኝ። «የክፍሉ ትምህርት ሳይጀመር ልለማመድ። አንተ አንብብልኝ፣ እኔ እየሰማሁ ልጻፍ።»

ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት።

በዚያ በመጨረሻው ዐቢይ ጾምሽ፣ ታመሽ ዓይንሽ ሲደክም፣ «ዝናው፣ እስኪ ይችን አንብብልኝ» አልሽኝ። እኔ «ፈረንጅኛ የት አውቄ፤ ይልቅ ጸሎት ይሻልሻል» ብዬ መቁጠሪያዬን አነሳሁ። ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽ። ልጅቱ እግርሽን እያሸችልሽ ነበር፤ ሰምታለች። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬያለሁና ፊደሉ እንደማይጠፋኝ አንቺ ታውቂ ነበር። ያፈርኩት አንቺን ነው። የሰው ልጅ ስታርሚ በኖርሽው መምህርት ፊት መንተባተብ ከበደኝ። ጸሎቱን ሰበብ አደረግሁት። ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም።

አሁን እንቢ ብላት ዳግመኛ መዋሸት ነው። ባነብላት ደግሞ ያኔ መዋሸቴን ታውቃለች። ትወቀው አልኩ። ከዚያ ግቢው ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ መጽሐፉን እንደ ልማዴ ተሳልሜ፣ ፊደሉን በስንደዶ እየጠቆምኩ ጀመርኩ። ሌላ ንባብ አላውቅም፤ በዳዊት ዜማ ወጣ።

«አባዬ! መምህራችን እንዲህ ቢያስተምር ክፍሉ በሙሉ አሜን ይል ነበር» ብላ ሳቀች።

ጎረቤታችን ዘይቱና በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። «አንተ ዝናው፣ ፈረንጁንም አቀሰስከው?»

«ምን ላድርግ፣ ይችው አዘዘችኝ።»

«አብሽር፣ ቀጥል! ብቻ ረቡዕና ዓርብ እንዳታስጾመው።»

የማይጠሩትንም ፊደሎች እየጠራሁ ልጅቱን አስቸገርኳት። «ያቺን ዝለላት፣ ድምፅ የላትም» ትለኛለች።

«ድምፅ ከሌላት ለምን ተቀመጠች?»

«እንጃ አባዬ። ብታወጣት ግን ቃሉ ይበላሻል።»

ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ስንደዶዬ ቆመ። ከዳር በእርሳስ፣ በአንቺ የእጅ ጽሑፍ፣ «ከዚህ ዝናው ያነብልኛል» ይላል።

ማርያማዊት ጎንበስ ብላ አየችው። ሐይቁ ላይ ጀልባ ሲቀዝፉ ይሰማ ነበር።

«አባዬ፣ ያኔ ትችል ነበር?»

«እችል ነበር።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ትነሳለች ብዬ ጠበቅኩ። ደብተሯን ከደነችና «በል ለእሷ አንብብላት፤ እኔ አልጽፍም» አለች።

አነበብኩ። አላለቀስኩም። ድምፄ ብቻ ሁለት ጊዜ መሃል መስመር ላይ ጠፋብኝ፤ እስኪመለስ ጠበቀችኝ።

ትናንት ወደ ትምህርቷ ተመለሰች። ሚኒባሱ በደሴ መንገድ እስኪሰወር ቆሜ ቤት ስገባ፣ ያ ጽሑፍሽ ያለበትን ሞጁል አልጋሽ ላይ አገኘሁት። የወሰደችው ሦስቱን ነው። የንስሐ አባቴንም ለእሑድ እፈልግዎታለሁ ብያቸዋለሁ።

ዛሬ ዳዊቴን ከጨረስኩ በኋላ በግድግዳው በኩል፣ ፊትሽን ባዞርሽበት ተቀምጬ፣ ካቆምንበት ከገጽ ሠላሳ ሦስት ጀምሬ ሁለት ገጽ አነበብኩልሽ። የገባኝ ነገር የለም። ትርጉሙን ማርያማዊት ለፋሲካ ስትመጣ ለሁለታችንም ትነግረናለች። ነገ ከገጽ ሠላሳ አምስት እቀጥላለሁ።

ያንቺው ዝናው
ሐይቅ