ስለ ወይዘሮ ቢሻሮ ጃማ ሕልፈትና ስለ ሮብ ትምህርታችን

የካራማራ የምስልና ድምፅ ባለሙያዎች ማኅበር
ጅጅጋ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 2010 ዓ.ም.

የማኅበራችን መሥራችና የብዙዎቻችን መምህር ወይዘሮ ቢሻሮ ጃማ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው ቅዳሜ ሚያዝያ 27 ቀን ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በዚያው ዕለት ከዐስር ሶላት በኋላ እዚሁ ጅጅጋ ተፈጽሟል። ሐዘናችን ከባድ ነው። የማኅበሩን መግለጫዎች አንብበው የሚያሳጥሩልን እሳቸው ነበሩ፤ ይህኛው ከወትሮው ቢረዝም የሚቆርጥልን ሰው በማጣታችን ነው።

ከቀብር መልስ አባላትም የከተማው ነዋሪዎችም ደጋግመው የጠየቁን ሁለት ጥያቄዎች አሉ። የሮብ ትምህርት ከእንግዲህ ይቀጥላል ወይ? እሳቸው ጀምረው ያልጨረሱት የድምፃዊት ሳብሪን ክሊፕ ምን ይሆናል? ማኅበሩ ትናንት ተሰብስቦ ወስኗል፤ ውሳኔውን ከመግለጻችን በፊት ግን የሠሩትን ሥራ በአጭሩ ማስታወስ ይገባናል።

ወይዘሮ ቢሻሮ በደምበል ተወልደው በጅጅጋ ያደጉ ሲሆን፣ በ1988 ዓ.ም. በሠርግ ቪዲዮ ቀራጭነት ሥራ ጀመሩ። በከተማችን ሠርግ ወደ ሴቶቹ አዳራሽ ወንድ ካሜራማን አይገባም። እሳቸው ገቡ። ከገቡ በኋላም ብዙዎቹ እናቶች ፊታቸው እንዲታይ አይፈልጉም ነበር። ስለዚህ ካሜራውን ወደ ሂናው፣ ከበሮ ወደሚመቱት እጆች፣ ወደሚጨፍሩት እግሮች አዞሩት። የልጇ መሄድ የከበዳትን እናት ያሳዩን የነበረው የሻሿን ጫፍ በጣቷ ስትጠቀልልና ስትፈታ ነው። በዚያ ላይ የሴቶቹ ዘፈን ከሩቅ ይሰማል። ፊት ሳያሳዩ ሰውን ማሳየት የተማሩት በዚያ አዳራሽ ውስጥ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ዝናብን የሚለምን የአንድ ዘፈን ክሊፕ እንዲሠሩ ተጠየቁ። ድሬዳዋ ለሚኖረው ለካሜራ ባለሙያው ለአቶ ደበሌ ስልክ ደውለው፣ «ዕቃህን አዘጋጅ፤ ሮብ ሲመጣ ደምበል እንገናኝ» አሉት። ዝናብ ማለታቸው ነበር። በሶማልኛ ዝናብ ሮብ ነውና፣ የአማርኛው ቃል በዚያች ሰዓት አልመጣላቸውም። አቶ ደበሌ ደግሞ ቃሉን አክባሪ ሰው ስለሆነ፣ ጄኔሬተርና መብራት በኪራይ መኪና ጭኖ ረቡዕ በጠዋት ደምበል ከተፍ አለ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ መሬቱም አቧራ ነው።

«እኅቴ፣ ሮብ ብለሽኝ ሮብ መጣሁ፤ እንግዲህ ምን ላድርግ?»

«አንተስ መጥተሃል፣ ዋናው ነው የቀረው» አሉት።

መመለስ የማይታሰብ ስለነበር ያለ ዝናብ የዝናብ ክሊፕ ሠሩ። ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ጠብቀው፣ ልብስ ከገመድ ላይ በጥድፊያ የሚሰበስቡ ሴቶችን ቀረጹ። የጀሪካን ክዳን የሚከፍት እጅ፣ ከጣሪያ ሥር የሚጠጉ ፍየሎች፣ ቀና ብለው ዓይናቸውን የሚጨፍኑ አንድ አዛውንት ተከተሉ። ጅጅጋ ተመልሰው ኤዲት ሲያደርጉ ከበሮውን ለአፍታ ጸጥ አሰኙትና፣ ቀደም ሲል ከራሳቸው ቤት ቆርቆሮ ላይ የቀዱትን የዝናብ ድምፅ አስገቡ። በክሊፑ ውስጥ አንዲት ጠብታ አትታይም። ሆኖም ክሊፑ ጅቡቲ በደረሰ ጊዜ እዚያ ያሉ የደምበል ልጆች «ዘነበላችሁ አይደል! አየነው እኮ!» እያሉ ለዘመዶቻቸው ደወሉ። አቶ ደበሌ ይህን ሲያወራ ዛሬም እንባው እስኪመጣ ይስቃል፤ ቅዳሜ ዕለት ግን ሲጀምረው መጨረስ አቃተው።

ትምህርታቸው ሁሉ ከዚህ ይነሣ ነበር። «ዘፈኑ ዝናብ ሲል እኔም ዝናብ ካሳየሁ፣ ከሁለታችን አንዳችን ትርፍ ነን» ይሉ ነበር። ምስሉ ግጥሙን መድገም ሳይሆን ግጥሙ ያልተናገረውን መናገር አለበት ማለታቸው ነው።

በ2004 ዓ.ም. በመኖሪያ ግቢያቸው ባለች አንዲት ክፍል ነፃ ሥልጠና ጀመሩ። ስሙ የሮብ ትምህርት የተባለው ቀኑ ረቡዕ ስለሆነ ነው፤ ምክንያቱ ያ ብቻ አለመሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሠልጣኞች እንደ አባታቸው እኅት «ኤዶ» ብለው ይጠሯቸዋል። ኤዶ ቢሻሮ ቴሌቪዥኑን በሻሻቸው ሸፍነው መጀመሪያ ዘፈኑን ብቻ ያሰሙናል፤ ቀጥሎ ሻሹን አንሥተው ድምፁን ያጠፋሉ። ምን ተጨመረ? ምን ጎደለ? ይህን ሳንመልስ ሻይ አይቀርብም ነበር። በእያንዳንዱ የከበሮ ምት ላይ ምስል የሚቆርጠውን፣ «ማን እያባረረህ ነው? ዘፋኟ ትንፋሽ እስክትወስድ ጠብቃት» ይሉታል። ሌላው የማይወዱት ነገር የተዋሱት መኪና ላይ ተደግፎ በጥቁር መነጽር መዝፈን ነበር። «መኪናው የማን እንደሆነ ጅጅጋ ሁሉ ያውቃል» እያሉ እስኪበቃን አስቀውናል። ከጅጅጋም ከሽንሌም ለሠርግም ለዘፈንም ካሜራ ከያዙት ወጣቶች ብዙዎቹ የዚያች ክፍል ፍሬዎች ናቸው።

የመጨረሻ ሥራቸው፣ ባሕር ተሻግሮ ወሬው የጠፋ ወንድሟን ስለምትጠብቅ እኅት፣ ድምፃዊት ሳብሪን ለተጫወተችው ዘፈን የጀመሩት ክሊፕ ነው። ሳብሪን በመጨረሻው ላይ የወንድሙ ፊት እንዲታይ ትፈልግ ነበር። ወይዘሮ ቢሻሮ እንቢ አሉ። ሩዝ የምትለቅም እኅት አለች፤ በሩ ይንኳኳል፤ እጇ ቀጥ ይላል፤ በቃ። የመጣው ማን እንደሆነ፣ ወንድም ያላት ሁሉ ለራሷ ትጨርሰው አሉ። ድምፁን ቀድተው አስቀምጠዋል፤ እኛ በየረቡዑ የምናንኳኳው የግቢያቸው የቆርቆሮ በር ድምፅ ነው። ሩዝ የሚለቅመውን እጅ ለመቅረጽ ግን ዕድሜ አልሰጣቸውም። አሁን በክሊፑ መጨረሻ ላይ ያለው ጨለማና ማንኳኳት ብቻ ነው።

ስለዚህ ማኅበሩ የሚከተለውን ወስኗል። ክሊፑን ከመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች አንዷ የሆነችው ኩልሱም፣ መምህሯ እንዳሰቡት ትጨርሰዋለች። ሳብሪንም ተስማምታለች፤ ትናንት በክሊፑ መጨረሻ በሩ ሲንኳኳ ሰምታ፣ «ገባኝ፤ ፊት አያስፈልግም» ብላናለች። ሩዙን የምትለቅመው የሟች ልጅ ሳሚያ ናት። ቤተሰቡ በግቢው ያለችውን ክፍል ለትምህርቱ ትቶልናል፤ ሳሚያም የእናቷን ሻሽ አምጥታ በቴሌቪዥኑ ላይ አኑራዋለች። ትምህርቱ ይቀጥላል።

ለባለቤታቸው ለአቶ ዐብዱልቃድር፣ ለልጃቸው ለሳሚያ፣ ለአቶ ደበሌና ለሥራ ባልደረቦቻቸው በሙሉ አላህ ሰብሩንና ጽናቱን ይስጥልን፤ እሳቸውንም በጀነት ያኑርልን። ሐዘኑ የሁላችንም ነውና እንድትጽናኑ ስንል እኛም አብረናችሁ እየተጽናናን ነው።

የፊታችን ረቡዕ ግንቦት 1 ቀን በሩ እንደ ወትሮው ክፍት ቢሆንም፣ እባካችሁ አንኳኩታችሁ ግቡ፤ ኩልሱም የሳሚያን እጅ እየቀረጸች ይሆናል። በሁለቱም ቋንቋ፣ ሮብን እንጠብቃለን።