የምናለ ስሌት

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለኢዮስያስ፣ ኖርዌይ። የዚያ አገር ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ ተመስገን ደኅና ነን፤ ጎንደርም ዝናቡ አባርቷል።

ባለቤቴ ምናለ የጀመረውን የኳንተም ነጥቦች፣ የእነዚያን ኤሌክትሮን የሚያጠምዱ ኢምንት ቅንጣቶች፣ ስሌት ጨረስኩለት። ኤሌክትሮኑ በሁለት የተያያዙ ነጥቦች በኩል እንደ ሞገድ ያልፋል፤ በአንድ የተወሰነ ኢነርጂ ላይ ግን ሞገዶቹ እርስ በርስ ይጠፋፉና መንገዱ ክፍት ሆኖ ሳለ ምንም አይተላለፍም። ሦስቴ ደግሜ ብሠራውም ውጤቱ ያው ዜሮ ነው። ክፍሉንም እያስተማርኩለት ነው። «አዲ አርቃይ መምህራን አሠልጥኜ ሐሙስ እመለሳለሁ» ብሎ ከሄደ አራት ሳምንት ሆነው፤ እዚያ ስልክ አይሠራም ይላሉ።

አባባ ሰሞኑን ከአምባ ጊዮርጊስ መጥተው ነበር። መናኸሪያ ወርደው በአዲ አርቃይ መስመር የሚመላለሱትን ሾፌሮች ሲጠይቁ ዋሉ። ሲመለሱ፣ «ምን አሉዎት?» አልኳቸው።

«መንገዱ ሸጋ ነው አሉኝ፣ ልጄ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ። እራትም አልበሉ።

ትናንት የስሌቱን ጽሑፍ ወደ ሳይንስ መጽሔት ልንልክ ስንል የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከምናለ ስም ጎን የመታሰቢያ መስቀሏን እናድርግ ወይስ ትቆይ?» አለኝ።

«የምን መስቀል? እንደ ወትሮው ከእኔ ስም በፊት ጻፈው፤ ኢሜይሉንም ጨምርበት። ጥያቄ ቢመጣ የሚመልሰው እሱ ነው» አልኩት።

አንተ ምግብህን በደንብ ብላ፣ አደራ። አንድ ሰው ሳይጎድል ለመገናኘት ያብቃን።

እኅትህ መንበረ