ሺህ ጊዜ የተጠቀሰው የእማዬ ጥናት

ውድ ወንድምዓለም፣

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ካለህበት ደጃፍ ይድረስ። እኛ ደህና ነን።

እማዬ ስለ ልጆች ንባብ የጻፈችው ጥናት ከሺህ በላይ ጽሑፎች ውስጥ ተጠቅሷል። ዩኒቨርሲቲው ስድሳ ሁለቱንም ጥናቶቿን አስጠርዞ ላከላት። ማክሰኞ ዕለት የቀድሞ ተማሪዋ መጥታ ያንኑ ጥናት ጮክ ብላ አነበበችላት። እማዬ በጥሞና አዳምጣ፣ "አቤት ብስለት! ልጆቹን ቁጭ ብላ ያዳመጠች ሰው ናት። ማን ናት የጻፈችው?" አለች።

ተማሪዋ ዞር ብላ አየችኝ። እኔም፣ "ቀልድ ትወዳለች እኮ" ብዬ ሳቅኩ።

"እርስዎ ነዎት እኮ፣ መምህርት!" አለቻት።

እማዬ ሽፋኑ ላይ ስሟን በጣቷ ዳበሰችና፣ "ታዲያ ጎበዝ ነበርኩ" አለች።

እውነትም እንደሷ ያለ የለም። የዓመት ዕረፍትህን ወደዚህ ወር ብታመጣው ምን ይመስልሃል? በስልክ ድምፅህን እስካሁን ወዲያው ትለየዋለች።

ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

ታናሽ እህትህ